ማንም ያልለመነው ጥላ

ከራር ቁጡ ነው ይሉታል። እውነት ነው፣ ቁጡ ነው። ግን በግብፅ የቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከቁሴር ከተማ በስተደቡብ ባለው ዳርቻ የሚኖር የአባብዳ ጎሳ ሰው ሁሉ እሱ ያየውን ቢያይ ኖሮ እኮ አብሮት ነበር የሚጮኸው።

ከሰፈሩ ፊት ለፊት፣ በጀልባ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ዛፍ የሚባል የሌለባት ጠፍጣፋ ደሴት አለች። በሐምሌና በነሐሴ የባሕር ወፎች እንቁላላቸውን እስኪፈለፍሉ ድረስ አያቱም አባቱም ሰው አያስጠጉባትም ነበር። ጥበቃው ለከራር በውርስ ደረሰው። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው፤ ስድሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላው እንዲሁ ጠበቃት።

እዚያ ባሕር ላይ ሁለት እኅትማማች ወፎች አሉ። አንደኛዋ ዓይኗን ነጭ የተኳለች ስለምትመስል ባለኩሏ ይሏታል፤ ሁለተኛዋን፣ ወፈር ጠቆር ያለችውን፣ ጥቀርሻዋ ይሏታል። ከሩቅ ላያቸው አንድ ናቸው፤ የጎጆ ነገር ሲመጣ ግን ለየቅል ናቸው። ባለኩሏ በባዶ እግር በማይረገጥ ግላጭ አሸዋ ላይ ትጥልና፣ ሐሩሩ ሲበረታ እንቁላሏ ላይ ቆማ ራሷ ጥላ ትሆነዋለች። ጥቀርሻዋ ቁጥቋጦ ወይም የድንጋይ ከለላ በሌለበት ለመውለድ ዝር አትልም። ደግሞም ሌባ ናት፤ የጎረቤቷን እንቁላል ጠጥታ ጫጩቷን ትውጣለች። ባለኩሏን ከእሷ የሚያስጥላት ያ የሚያቃጥል አሸዋ ብቻ ነው።

አምና ዳርቻው ላይ የተከፈተው የእንግዶች ማረፊያ ሹክሪ የሚባል መሐንዲስ ከካይሮ አስመጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር። ደሴቷን አይቶ ፀሐይ ላይ ለተቀመጡት ወፎች አዘነ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! በሰኔ መጀመሪያ አሥራ ሁለት የዘንባባ ዳስ ይተከል ብሎ አዘዘ። ከራር ጥላ ካቆምክ ሌባዋን ጠራሃት ብሎ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳው። ሹክሪ ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ወፍ ያው ወፍ ነው፣ ጥላ የሚጠላ ፍጡር የለም አለው። ከራር የዳሱን ዕቃ ጀልባዬ አትጭንም ሲል በሌላ ሰው ጀልባ ጫኑት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከራር ደሴቷን ሊያይ ሄደ። በየዳሱ ሥር ጥቀርሻዎቹ እንቁላላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሁለት መቶ የሚጠጋ የባለኩሏ ጎጆ በነበረበት ሜዳ ላይ ሠላሳ እንኳ አልቀረም፤ የቀረው የተጠጣ እንቁላል ቅርፊት ነው። እዚያው ቆሞ አለቀሰ፣ ከዚያ ተሳደበ። ስድቡን እኔ እዚህ አልደግመውም።

ተመልሶ ሹክሪን ከምሳው ላይ አስነስቶ በጀልባው ወሰደው። ሹክሪ ቅርፊቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አሁኑኑ ዳሶቹን እናፍርስ አለ። ዳሶቹ ከፈረሱ ከሥራቸው ያለው የጥቀርሻዎቹ እንቁላል ፀሐይ ላይ ይቀቀላል። ዳሶቹ ከቆሙ ደግሞ የተረፉት ባለኩሎች ሳምንት አይቆዩም።

"እንቁላሉን ወደ ሌላ ደሴት ብንወስደውስ፣ አጎት ከራር?"

"ማን ሊታቀፈው? አንተ?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እነዚህን ሌባ እንግዶች የጠራሃቸው አንተ ነህ፣ ጌታው መሐንዲስ። አንተው ሸኛቸው። እየተቀቀለ ከሚሞት አሁን ስበረው።"

ሹክሪ አንድ አነሳ። እንቁላሉ ሞቅ ብሏል። መልሶ አስቀመጠው።

ከራር ከተወለደ ጀምሮ በዚያች ደሴት ላይ እንቁላል ነክቶ አያውቅም። ሌባም ብትሆን ጥቀርሻዋ የአላህ ፍጥረት ናት፤ ጥላ አገኘች፣ ወለደች፣ ምን አጠፋች? ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ሰበረ። ወፎቹ እየጮኹ አናቱን ወቀሩት፤ እጁን አንስቶ አልተከላከለም። ከአንዳንዱ ውስጥ ላባ ያበቀለ ጫጩት ወጣ። ጨርሶ ደሙን ሳይጠርግ አሥራ ሁለቱንም ዳስ ነቀለ።

ሹክሪ ዓይኑን እያበሰ፣ አሁን ለማረፊያው እንግዶች ምን ልበላቸው አለው።

"ከራር የሚባል ጨካኝ ሽማግሌ ጫጩት ገደለ በላቸው፤ ውሸት አይደለም። ያስገደለው ግን የእኔ የመሐንዲሱ ርኅራኄ ነው ብለህ ካልጨመርክበት ዋሽተሃል።"