ወደ ሰዓደት ቤት የሚያልፈው ሽቦ

የወንድሜ ሚስት ቦሰና ከጎጃም መጥታ ሸማ ተራ ነጠላ መሸጥ ከጀመረች ብዙ ዘመኗ ነው። ዋጋ ሲያራክሱባት አትቆጣም፤ ጥለቱን ገልብጣ ጀርባውን ታሳያለች። ወንድሜ አሸብር በ2004 ካረፈ ወዲህ ግን ገበያም ላይ ዝምተኛ ሆናለች።

በ2005 ጥር ልጇ ሎዛ ዱባይ ልታገባ ሆነ። ቦሰና ቪዛ አልደረሰላትም። ሙሽራ ሳትመረቅ ከቤት አትወጣምና ምርቃቱ በስካይፕ ይሁን ተባለ። ችግሩ፣ ኢንተርኔቱ ወሬ ሳይጀመር ይቋረጣል።

«ልጄ ሳትመረቅ ልትዳርብኝ ነው» ብላ ስትጠራኝ ሄድኩ። ሞደሙ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ግሏል። ዳንቴሉን አነሳሁ፤ ሞደሙ ቀዘቀዘ፣ መቋረጡ ግን አልቀረም። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። በዚህ መሀል ከግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ፤ ወዲያው የሞደሙ መብራት ጠፋ።

«የሰዓደት ስልክ ነው» አለች ቦሰና። «ባሏ ጠሃ የታመመ ጊዜ አሸብር ከኛ መስመር የቀጠለላት።»

ሽቦው በኮርኒሱ ሥር አልፎ ግድግዳውን በስቶ ወደ ጎረቤት ይገባል። መጋጠሚያውን ወንድሜ በጥቁር ናስትሮ አጥብቆ ጠቅልሎታል። ጥቂት ቆሜ አየሁት።

«የሷ ስልክ የጥሪውን ሞገድ ከኢንተርኔቱ የሚለይ ማጣሪያ ስለሌለው ነው። ማጣሪያ እስካገኝ ሽቦውን ልቁረጠው?»

«አሸብር የሰጣትን እኔ ልነሳት? አሸብር ሲሞት ጉርብትናውንም ቆረጠችው ትበለኝ?»

ለመናገርም አፍራ ሰዓደትን ስትሸሽ ሰነበተች። ስለዚህ እኔው ሄጄ ለሰዓደት ነገርኳት። እየሳቀች መጣች።

«አንቺ ሴት! ሰሞኑን ፊትሽን ያጠቆርሽብኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ሳላውቀው ነጠላ ሰረቅኋት ይሆን ብዬ ነበር!»

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሰዓደት ስልኳን ከግድግዳው ነቅላ ታቅፋ መጣች። ዘመዶቿ ሁሉ ከቡታጅራ የሚደውሉላት በዚያው ነበር።

ሎዛ በነጭ ቀሚስ ስክሪኑ ላይ ታየች።

«እትዬ ሰዓደት፣ የታቀፉት ምንድን ነው?»

«ሰርግሽን የሚበጠብጥ ጎረምሳ ነው፤ አስሬዋለሁ! በይ እናትሽን ስሚ።»

ቦሰና ተነሳች። ሎዛም እዚያ ተንበርክካ አንገቷን ደፋች።

«ውለዱ፣ ክበዱ። አባትሽ ቢኖር የሚልሽን…» ቦሰና መጨረስ አቃታት።

«አሚን!» አለች ሰዓደት ጮክ ብላ። «በይ ቀጥይ፤ መስመሩ አለ።»

ቦሰና እንባዋን ጠርጋ ቀጠለች።