ሽቅቡን ያጨበጨቡለት ሞተር

ወንድሙ የእድሩን ላንድሮቨር መንዳት የጀመረው ጸጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ነው። ከሸዋ ሮቢት በሽተኛ ጭኖ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ያደርሳል። የዳነውን ከነአስታማሚው፣ ያልዳነውን ከነሳጥኑ ይዞ ቁልቁል ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ጥሎ አያውቅም። ታዲያ ስለዚያው መኪና ሞተር ሲመከር፣ ይህን ሰው "አንተስ ምን ትላለህ?" ያለው አልነበረም። ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። ማንንስ አያንገበግብ?

ጣጣው የመጣው ከአንድ ቀብር ነው። ሟቹ የደጋ ሰው ስለነበሩ ቤተሰቡ ካገራቸው ካልተቀበሩ አለ። ላንድሮቨሩ አስከሬኑን ይዞ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ፣ ለቀስተኛ የጫነ የጎረቤት እድር መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አልፎት ሄደ። የሆነው ይኸው ነው። ቀብሩም በሰዓቱ ተፈጸመ። እድርተኛው ግን ለሟቹ ካለቀሰው ይልቅ ለመቀደሙ ያለቀሰው ይበልጣል። "ሬሳ ይዘን ተቀደምን!" እያለ ከረመ። ሬሳን ምን ያስቸኩለዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፍቅሩ በቀበሌ ስብሰባ የሰለጠኑ ሰው ናቸው። ያኔ ደግሞ የማይገመገም አልነበረም። መምህሩ ይገመገማል፣ ነርሷ ትገመገማለች፣ በመጨረሻ ሞተሩም ተገመገመ። አንድ መካኒክ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ያወጣሁት ትልቅ ሞተር አለኝ ብሏቸው ነበርና፣ አሮጌው ወጥቶ እሱ ይግባ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በሕይወታቸው የሞተር ክዳን ከፍተው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ተነስተው ደገፉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

ወንድሙ ሳይጠሩት እጁን አወጣ።

"ጋሼ ፍቅሩ፣ የኛ ሞተር ፒስተኑና የፒስተኑ ቀለበት ነው ያለቀው። ወርዶ ይታደስ። ሲሊንደሩ ሰፋ ተደርጎ ተለቅ ያለ ፒስተን ይግባበት፤ ጉልበት ይጨምራል። ያ የጭነት ሞተር ከባድ ነው። የዚህ መኪና ፍሬን ደግሞ የተሠራው ለራሱ ሞተር ነው። መውጣቱንስ ይወጣል፤ ቁልቁል ማን ይይዘዋል?"

"ወንድሙ" አሉ ሊቀ መንበሩ፣ እንዳዘነ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ "አንተ የአመለካከት ችግር አለብህ። ሕዝቡ ሽቅብ ሲያስብ አንተ ቁልቁል ታስባለህ።"

ተጨበጨበ። ድምፅ ሲሰጥ የኮሚቴው አባል፣ የማንጎ ነጋዴው የጋሼ አሊዪ እጅ ሳይቀር ወጣ። ልጃቸው መሊካ ምጥ ጠንቶባት ደብረ ብርሃን ያደረሳት፣ ከነሕፃኗም በዚያ ገደል አፋፍ በሰላም ያወረዳት ወንድሙ ነው። የወንድሙ ደም ፈላ። ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ የማያውቁት እኮ ሁልጊዜ ስለያዘላቸው ነው!

ሞተሩ ተቀየረ። ወንድሙ ፍሬኑስ ብሎ ቢጠይቅ፣ አቶ ፍቅሩ ፍሬን በአጀንዳው አልተያዘም አሉት። አልነዳም ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እሱ ቢተው አንዱ ጉረኛ ወጣት ቁልፉን ይቀበላል ብሎ ዋጠው።

በሙከራው ቀን ኮሚቴው በሙሉ ተሳፈረ። ላንድሮቨሩ እያጓራ የጭነት መኪናዎቹን አንድ በአንድ ያልፍ ጀመር። ባለፈ ቁጥር ከኋላ ጭብጨባ ነው። ደብረ ሲና ሊገቡ ሲሉ ግን አንዲት አጭር ቁልቁለት ላይ አህያ መንገድ ገባች። ወንድሙ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው። መኪናው ቆመ፤ የቆመው ግን አህያይቱ የነበረችበትን ቦታ አልፎ ነው። ዘላ ባትወጣ ኖሮ አብቅቶላት ነበር። ጭብጨባው ተቋረጠ። ዳገቱ ሲጀምር ተመልሶ ቀጠለ።

ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ደረሱ። ጉሙ ወርዷል፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ወንድሙ መኪናውን አዙሮ አፍንጫውን ወደ ቆላው አደረገና በሮቹን ከፈተ።

"በሉ ግቡ፣ እንውረድ።"

የገባ የለም። አንዱ ወገቤን አለ። ሌላው ቆሎ ልግዛ ብሎ ወደ መንገድ ዳር ሻጮቹ ሄደ። ጋሼ አሊዪ መሬት መሬቱን ያያሉ። አቶ ፍቅሩ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ "እኛ በአውቶቡስ እንከተልሃለን። አንተ ቀስ እያልክ አውርደው" አሉ።

አንተ! የሚሞተው እሱ፣ የሚከተሉት እነሱ! ወንድሙ እንደዚያች ቀን ተናዶ አያውቅም። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ፣ በሮቹን ቆለፈ። ከደብረ ብርሃን የመጣው አውቶቡስ ሲቆም ከሁሉም ቀድሞ ገባ። አቶ ፍቅሩ ሲቀመጡ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠና ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረው።

"መኪናውስ?" አሉ ደንግጠው።

"ጋሼ ፍቅሩ፣ እናንተ በቁማችሁ አንወርድም ባላችሁበት መኪና፣ እኔ ሬሳችሁን እንኳ አላወርድበትም።"

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ተያያዘው። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ፣ ኮሚቴው በሙሉ አንገቱን አስግጎ የሾፌሩን እግር አየ።

ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ ጋሼ አሊዪ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"ወንድሙ፣ ያ አሮጌው ሞተር አልተሸጠም አይደል? ቢታደስ ይሆናል ትላለህ?"

ወንድሙ ዞሮ አያቸው። ንዴቱ ገና አልበረደለትም።

"አልተሸጠም፣ ጋሼ አሊዪ" አለ። "የሚጠይቀኝ ሰው ነው ጠፍቶ የነበረው።"