ከሰሌዳው የገለበጥኩት ዝርዝር

ስለዚህ ነገር ስጠየቅ «ድርጅቱ ተሳስቶ ነበር» እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ድርጅቱ ምን አደረገ? የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዝርዝሩን በእጄ የገለበጥኩት፣ ሠንጠረዡን ያሰመርኩት፣ አንድ ሙሉ የገበሬ ማኅበር ከእህል ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ያውም በኩራት!

ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ያ ክፉ ድርቅ የገባበት ወቅት ነው። ድሬ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ባለው መንገድ ዳር፣ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ እህል የሚያከፋፍል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። እዚያ መዝገብ ያዥም ታይፒስትም ነበርኩ። የገባሁት በዘመድ ነው፣ አልደብቅም። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤ የድርጅቱ ኃላፊም ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ የድሮ ባልደረባው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ከባቡር ጋር ስላሳለፉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ትንሽ ካረፈድኩ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ያዩና አንድ ቃል ሳይናገሩ መልሰው ይከቱታል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ችግራችን እህሉ ለሁሉም አለመብቃቱ ነበር። የየገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «የደሃ ዝርዝር» ብሎ ያመጣል፤ ስናየው አማቹ፣ የአማቹ ወንድም፣ ሱቅ ያለው አጎቱ። ወይ ጉድ! ገንዘቡን የሚሰጡን የውጭ ሰዎች ደግሞ በየሦስት ወሩ ይጽፋሉ፤ «ይህን መንደር መርጣችሁ ያንን የተዋችሁት በምን መረጃ ነው?» ጋሼ ደብዳቤውን አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ ያኖሩትና «እስቲ አንቺ የተማርሽው» ይሉኛል።

የተማርኩት እኔ አንድ ቀን መላ መጣልኝ። በዚያ ዘመን መዋጮ የሚባል ነገር ነበር። ለፓርቲው በዓል፣ ለሚሊሺያው ስንቅ፣ ለእናት አገር፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ በየገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የከፈለ ከነደረሰኝ ቁጥሩ፤ ያልከፈለ በቀይ፣ እንዲያፍር። እኔም አሰብኩ፤ የደሃ ዝርዝር ይዋሻል፣ የመዋጮ ዝርዝር ግን እንዴት ይዋሻል? ካድሬው ራሱ ነው የሚቆጣጠረው። ያልከፈለ የሌለው ነው፤ የከፈለ ያለው ነው። አለቀ! ለጋሼ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «በይ ሂጂ፣ ገልብጪ» አሉኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

ከእህል መኪና ጋር እየተሳፈርኩ ሰሌዳ ስገለብጥ ከረምኩ። በዋሂል በኩል ያሉትን ጨርሼ ወደ ሐርላ አቅጣጫ ዞርኩ። እዚያ ካሉት መንደሮች አንዷ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ አንድም ቀይ የለም። ሁሉም ከፍሏል። እንዲያውም ወረዳው ባንዲራ ሸልሟቸው፣ በሩ ላይ ሰቅለውታል።

ቆሜ ስገለብጥ ከኋላዬ «ኢንተላ ቲያ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ልጄ ማለቷ ነው። ዞር ስል የወተታችን ሴትዮ! እቤታችን ወተት የምታመጣ፣ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምታውቀኝ። እናቴ አዴ ነው የምትላት፣ እናት እንደማለት ነው፤ እኔም አዴ ነው የምላት። እዚህ መንደር መሆኗን እንኳ አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ወተት ከበራችን ነው የሚመጣው። ደስ አላት፤ እቤቷ ሮጣ በቅል ወተት አመጣችልኝ። ብር ላወጣ ስል እጄን መታ አደረገችኝ፤ «አቦ፣ አታሳፍሪኝ! የቤት ልጅ አይደለሽ?» ማንበብ ስለማትችል ስሟን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አደረግኩላት። ቀጥሎ የአማቷን፣ የባሏን እናት፣ ስም አሳየኋት። አሮጊቷ ከእሷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ባል የለም፣ ዘምቶ አልተመለሰም።

«ከፍላለች ይላል?» አለችኝ።

«ይላል፣ አዴ። ሁለታችሁም ከፍላችኋል።»

«በደንብ ጻፊው እሺ? እንዳትረሺ።»

በደንብ ጻፍኩት። እንዲያውም ደስ እንዲላት ዓይኗ እያየ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ሠንጠረዡን በባለካሬ ወረቀት ላይ አወጣሁት፤ ከሰሌዳው በተቃራኒ ያልከፈለ በሰማያዊ፣ የከፈለ በቀይ። ያቺ መንደር ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነች። «ይህች ችግር የለባትም» ብዬ ለጋሼ አሳየኋቸው። ፈረሙ። እህሏ ለሌሎች ተከፋፈለ። ለውጭ ሰዎቹም ላክን፤ እጅግ ግሩም ሥራ ነው የሚል መልስ መጣ። ደብዳቤውን እቤት ወስጄ ለአባቴ አንብቤለት ነበር። አፈር ልብላ!

ወተቱ የቆመው በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፤ አዴ ብቅ አላለችም። እናቴ ተቀየመች። «ሌላ ደንበኛ አግኝታ ነው፤ ድሮስ!» አለች። እኔም እንደ እናቴ «ጠግባለች» አልኩ። ይህን ቃል ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከወር በላይ ቆይታ መጣች። እቤታችን አይደለም፣ ቢሮ። በዚያ በድሬ የቀትር ሙቀት ሰው ሁሉ ቤቱ ተጋድሞ ሳለ እሷ በእግሯ ከሐርላ በኩል መጥታ የቪላው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ከስታ ጉንጯ ገብቷል። አጠገቧ ስቀመጥ ከመቀነቷ የተቋጠረ ጨርቅ ፈታችና ደረሰኞች ጉልበቴ ላይ ዘረገፈችልኝ። የራሷ፣ የአማቷ፣ ሁሉም ማኅተም ያለው።

«እህል ሲሰጥ እኛን ዘለሉን» አለችኝ። «ሊቀመንበሩ መዋጮ ያልከፈለ እርዳታ አይጻፍም፣ የከፈለ ግን መጀመሪያ ይጻፋል ብሎን ነበር። ላሟን ሸጬ ከፈልኩ። እዪው፣ ደረሰኙ ይኸው። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽልኛል። ታዲያ ማን ፋቀን?»

አየሁት፤ ገባኝ። መንደሩ በሙሉ እህል ለማግኘት ሲል የመጨረሻ ከብቱን ሸጦ ከፍሏል፤ እኔ ደግሞ ስለከፈለ እህሉን ነሥቼዋለሁ። እሷ ያን ስም በደንብ ጻፊው ያለችኝ እህል የምመዘግብ መስሏት ነው። እኔም አሰመርኩበት።

ምን አልኳት መሰላችሁ? «ከአዲስ አበባ የመጣ ትእዛዝ ነው» አልኳት። ዋሸኋት። ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት። «እናጣራለን» ብዬ ምሳዬን ሰጥቼ ሸኘኋት፤ ምሳውን ሳትቀምሰው ለአሮጊቷ ብላ ቋጠረችው።

ለጋሼ ግን አልዋሸሁም፤ ያን ያህል አልወረድኩም። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። «ማልቀሱን ተዪው። እሷ ያለችው እውነት መሆኑን በምን እናሳያለን? በደረሰኟ ብቻ ሰው አይሰማንም» አሉ። አሰብን። ከብት ተራ አንድ ከብት ሲሸጥ ቀረጥ ይከፈላል፤ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ቀኑ ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገብ ያዡ የጋሼ የድሮ ወዳጅ ነው። በማግስቱ እዚያ በረት አጠገብ፣ በዚያ አቧራና ዝንብ መሐል፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ መገልበጥ ጀመርኩ። መዝገብ ያዡ ጫቱን እየቃመ «ምነው እህቴ፣ ላም ልትገዢ ነው?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ቀልድ አልታየኝም። የዚያች መንደር ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየመጣ ነው፤ ላም፣ ላም፣ ግመል፣ ሁለት ፍየል፣ ላም። ሁሉም ከብቱን ከሸጠ በኋላ በሳምንት ውስጥ መዋጮውን ከፍሏል። በዋሂል በኩል በሰማያዊ ከጻፍኳቸው መሐል ደግሞ ከብታቸውን ያልነኩ፣ ሊቀመንበሩ ዘመዳቸው ስለሆነ መዋጮ ያለፋቸው ነበሩ። ሠንጠረዤ ከላይ እስከ ታች የተገለበጠ ነበር።

ሪፖርቱን ስጽፍ «ሕዝቡ ለፖለቲካ መዋጮ ሲል ላሙን እየሸጠ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። ጋሼ አነበቡትና በእርሳስ ሰረዙት። «ልጄ፣ ይሄ እኔንም አንቺንም ያሳስራል፤ ለእነሱም እህል አያመጣም። ሁለት ረድፍ ብቻ ጻፊ። ከብቱ የተሸጠበት ቀን፤ ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀን። አስተያየት አትጨምሪ። ማንበብ የሚችል ያነበዋል።»

እህል የሚፈቅደው ኮሚቴ ውስጥ አንድ ካድሬ ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይህ ምንድነው?» አለ።

«ቀን ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሼ። «ቀን ነው የጻፍነው።»

ካድሬው ረጅም ጊዜ አየው። ማንበብ ይችል ነበር መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ። ግን ፊርማው፣ ፈቃዱ፣ መኪናው፣ ነዳጁ እየተባለ ሌላ ወር አለፈ።

መኪናው ወደ መንደሯ ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሌላ ሰው ይሂድ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩና መልሰው ከተቱት። ሄድኩ። እህሉ ሰሌዳው ፊት ለፊት ወረደ፤ ባንዲራው አሁንም ተሰቅሏል። ሰው ተሰለፈ። አዴ ከፊት አጠገብ ነበረች። ሌላ ሰው እስኪሰማ ሳልጠብቅ ሄጄ «አዴ፣ ከአዲስ አበባ አይደለም። የፋቅኳችሁ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። «ደረሰኙን ሳሳይሽ ፊትሽ ነገረኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ፊት ግን አነብባለሁ።»

ጠረጴዛ ወጣልኝ፤ ዝርዝሩን ዘረጋሁ። የፈረመ ይወስዳል፤ አሠራራችን እንደዚያ ነው። የአዴን አውራ ጣት ይዤ ቀለሙ ላይ ላደርግ ስል እጇን ነጠቀችኝ።

«መጀመሪያ አንብቢልኝ» አለች። «ምን ብለሽ እንደጻፍሽን ልስማ። ለሁሉም አንብቢ።»

የመንደሩ መምህር ወደ ኦሮምኛ እየመለሰልኝ አነበብኩ። ዝርዝሩ በምን እንደተሠራ፣ የመጀመሪያው ምን እንደነበር፣ ለምን እንደቀሩ፣ ሁሉንም። ከዚያ ስሞቹን። ሰው ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ይላል። የአዴን ጠራሁ፤ «አለሁ» አለች። ቀጥሎ ያለውን፣ ያን ቀን ጣቷን ይዤ ያሳየኋትን፣ የአማቷን ስም ጠራሁ።

ማንም አልመለሰም። ቀና አልኩ።

«እሷን ሰርዥያት» አለች አዴ። «ባለፈው ሳምንት ቀበርናት።»

በእጄ የነበረው ብዕር ቀዩ ነበር። ሌላ ለመፈለግ ቦርሳዬን በረበርኩ፤ የለኝም። አዴ ጎንበስ ብላ ጣቷን ስሙ ላይ አደረገችልኝ፤ ቦታውን አልረሳችውም። እኔም እዚያው ላይ ሰረዝኩ።