ያልተመለሰው ተረት

ወንድሜ አምባዬ አዋሽ ጣቢያ ባቡሮችን ከሐዲድ ሐዲድ እያሻገረ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ከሥራ ሲመለስ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ኖታ መጻፍ የተማረው ከባቡር ሠራተኞቹ የሙዚቃ ባንድ ነው። ባለፈው ክረምት ቀበርነው። ስለ እሱ ብዙ የሚወራ አለ፤ እኔ ስለ ፍርሃቱ ልጻፍ።

ልጆች ሳለን እናታችን፣ ሰው መስሎ መጥቶ ሙሽራ ስለወሰደ ጅብ ትተርትልን ነበር። አንድ ምሽት ሙሽራዋ ገብታ በሩ ሲዘጋ የባቡር ጡሩምባ ተሰማ። እናታችን ለመንገደኛ ብርቱካን ልትሸጥ ብድግ ብላ ሮጠች፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳትል። ያልተመለሰ ተረት ከቤት አይወጣም ይባላል። በስምንተኛው ቀን አስረሳች የምትባለው ታናሽ እህታችን ሞተች። ሰው ሁሉ ወባ ነው አለ። አምባዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ አላመነም፤ ቤት የቀረው ጅብ ነው የወሰዳት አለ።

ካረጀ በኋላ ሂያም የምትባል የሰመራ የዳንስ አስተማሪ፣ ያንኑ ተረት በባሌት ልታሳይ ፈልጋ ሙዚቃውን እንዲጽፍላት ጠየቀችው። እምቢ ሊላት ነበር። ሙሽራዋን የምትደንሰው የገዛ ልጁ ራሄል መሆኗን ሲሰማ ግን፣ «ሌላ ሰው ከሚጽፈው እኔ ልጻፈው» አለኝ።

ጻፈው። የጅቡ ዜማ በአኮርዲዮኑ ወፍራም ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ባቡር ይጀምርና እየቀረበ፣ እየቀረበ ይሄዳል። የመጨረሻው መስመር ባዶ ነበር።

ለልምምድ ሰመራ አብሬው ሄድኩ።

«ጋሽ አምባዬ፣ መጨረሻው የት አለ?» አለች ሂያም።

«እሱ በአፍ ነው የሚባለው፣ ልጄ። ተረቱ መመለስ አለበት።»

«ባሌት ላይ እኮ ማንም አይናገርም። በሩ ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ አለቀ።»

ጅቡን የሚደንሰው ኢስማኢል የሚሌ ጋራዥ ሠራተኛ ነው። «አይስጉ ጋሼ» አለ፤ «እኔ የምበላው ምሳዬን ብቻ ነው።»

«ደግሞ አንተን ብሎ ጅብ! ናፍጣ ናፍጣ እየሸተትክ» አለችው ራሄል።

ሁሉም ሳቁ። አምባዬ አልሳቀም። እጄን ሲይዘኝ፣ በዚያ ሙቀት መዳፉ ቀዝቅዞ ነበር።

የትርኢቱ ቀን አዳራሹ ሞላ፤ አምባዬ አኮርዲዮኑን ይዞ መድረኩ ጥግ ተቀመጠ። ጅቡ ሙሽራዋን አስገብቶ በሩን ዘጋ። መብራቱ ጠፋ። አኮርዲዮኑም ዝም አለ። በጨለማው ውስጥ የራሄልን ትንፋሽ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ። ምንም የለም።

«ተረቴን መልሱ!» ሲል አምባዬን ሰማሁት። ድምፁ ተሰበረ። «አፌን በዳቦ አብሱ!»

ከፊት የተቀመጡ ወጣቶች ሳቁ። ከኋላ አንዲት አሮጊት ቃሉን ደገሙት፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። መብራት ሲመጣ ሂያም ራሷን ይዛለች። ራሄል በሙሽራ ቀሚሷ ከመጋረጃው ወጣች፤ ከኢስማኢል የምሳ ፌስታል ዳቦ ቆርሳ አባቷን አጎረሰችው። እጅዋን ሳይለቅ ብዙ አኘከ።

አዋሽ ተመለስን። ስለ ስምንተኛው ቀን አንነጋገርም፤ ግን ሁለታችንም እንቆጥር ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱ ግድግዳ ይይዛል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጮኸ። አላነሣም አለ፤ እኔ አነሣሁና ጆሮው ላይ አደረግኩለት።

«አባዬ፣ የሙሽራ ቀሚሴን አጣሁት። ሻንጣህ ውስጥ ከትቼው ይሆን? እስቲ እይልኝ።»

ሻንጣውን ከፈተ። ቀሚሱ እዚያው ነበር። ከሥሩ ኖታውን አወጣና ባዶው መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ እርሳስ እንዳቀብለው ጠየቀኝ።