ዘቅዝቄ የለበስኩት ነጠላ

ሥራዬን ካጣሁ በኋላ ከቤት የምወጣው ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነበር። ለዓመታት በፀሐፊነት ያገለገልኩበት ድርጅት ፈረሰ፤ እኔም ኮልፌ ቤቴ ገብቼ ሶፋ ላይ ተጋደምኩ። ቤቴል ሰፈር ክሊኒክ የከፈተች ጓደኛዬ "መጥተሽ እንግዳ መቀበያው ላይ ሥሪልኝ" ብትለኝ ስልኳን ማንሳት ተውኩ። የሥራ አስኪያጅ ፀሐፊ የነበርኩ ሴት ካርድ አውጪ ልሆን ነው እንዴ። በመጨረሻ መልእክት ላከችልኝ፦ "እስከ ዓርብ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።" አነበብኩትና ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። ቦታው እንደሚያስፈልገኝ አጥቼው አይደለም፤ እግሬ እምቢ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ብርድ ነበር። ያገኘሁትን ነጠላ ጣል አድርጌ የቆሻሻ ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። ለካ ዘቅዝቄው ኖሯል፤ ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። እንዲያ የሚለበሰው ደግሞ ሰው ሲሞት ነው። ጴንጤዋ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ አየችኝና "ምነው እህቴ፣ ማን ነው?" አለችኝ። "ማንም" ልላት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል። እቅፍ አድርጋ ወደ ቤት መለሰችኝ።

ፊቴን ታጥቤ ብቅ ስል ደጄ ላይ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። አግዳሚ ወንበሩ ገባ። ሴቶቹ ጓዳዬን ወረሱት፤ ትልቁ ድስቴ አነሰ ተብሎ ሌላ መጣ። ጎረቤቴ የቤተክርስቲያኗን ሰዎች ሰብስባ መጣች፤ መጽናናት እንዲሆንልኝ ጸለዩልኝ። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ማነው የሞተው?" እያሉ መጠየቅ ነውር ስለሆነ፣ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ያለቅሳል። ከአስኮ የመጣች የማላውቃት ሴት ከእኔ ብሳ ተንሰቀሰቀች። እኔማ ላስረዳ ነበር፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር "አይዞሽ፣ አትናገሪ" እያሉ ውሃ ያስጎነጩኛል።

ከሰዓት የእድሩ ዳኛ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጡም ናቸው። አጠገቤ ተቀምጠው "ልጄ፣ ቀብሩ የት ነው? ሰው እየጠበቀ ነው" አሉኝ።

"ቀብር የለም፣ አባባ።"

"መርዶ ነዋ። ሟች ምንሽ ናቸው?"

"ሥራዬ ነው" አልኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ድንኳኑን አዩ፣ ድስቱን አዩ፣ የአስኮዋን ሴት አዩ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ "ብዙ ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ?" አሉኝ።

"ከወጣትነቴ ጀምሮ።"

"ደግ ነበር?"

እዚህ ላይ ተናደድኩ። "ምን ደግ አለ፤ እሑድ እንኳ አያሳርፈኝም ነበር። እናቴን በስልክ ነው ያስታመምኳት።" ይህን ስናገር ከልቤ አለቀስኩ። እስከዚያ ሰዓት ያፈሰስኩት እንባ ለካ ማሟሻ ነበር። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ምን ይደረግ።

ዳኛው ተነሥተው የሞተውን ለሰው ተናገሩ። አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። አንዱ "እንግዲያው ድንኳኑ ይነቀላ" ቢል ተቆጡት። "የተተከለ ድንኳን ያለ ሰልስት አይነሳም፤ ደንባችን ነው። ሰልስቱ ዓርብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቤት መቀመጥ የለም፤ ማንም ሐዘንተኛ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።" ዓርብ ሲሉ የጓደኛዬ መልእክት ትዝ አለኝ። የአስኮዋ ሴት ግን ይህን ሁሉ ሰምታም ማልቀሷን አላቆመችም። ኋላ ስጠይቃት፣ እሷም ከሥራ ከተቀነሰች ሰንብታለች፤ ለቅሶ የደረሳት ግን የለም።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤቴ ፊቴን አስታጠበችኝ። ነጠላዬን ገልብጣ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችና "ሂጂ እንግዲህ" አለችኝ። እድርተኛው እስከ ፌርማታው ሸኘኝ፤ ቀብር እንደሚኬደው ቀስ እያልን ነው የሄድነው። የአየር ጤና ታክሲ ረዳት ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱን አጨፍግጎ ጋቢና አስገባኝ።

ክሊኒኩ ስደርስ ጓደኛዬ ያበጠ ዓይኔን አይታ ደነገጠች። "ሰው ሞቶብሽ ኖሯል ለካ ስልክ የማታነሺው። በይ ሂጂ፣ አልቅሺ፤ ቦታው ይቆይሻል።"

"አልቅሼ ጨርሻለሁ" አልኳትና ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።