በደረቁ ዋንዛ ላይ ያለው ግንደ ቆርቁር

አሞጽ ሸዋ ቤንች አጠገብ ካለው ቡናው መሀል የቆመውን ደረቅ ዋንዛ ሳይቆርጥ የኖረው ለአንድ ወፍ ሲል ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሚስቱ ሰሎሜ፣ «ምናለ ለእኔም እንዲህ ብትሳሳልኝ!» እያለች ትስቅበታለች።

ግንደ ቆርቁሩ እኮ መዳፍ አይሞላም። ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ዝንጉርጉር፣ አናቱ ላይ ቀይ ጣል ያለበት ነው። ጭራውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ግንዱን ሽቅብ ይወጣል፤ ቅርፊቱን እየፈለፈለ ትል ይለቅማል። ሰው ሲያይ አይበርም፤ ሹልክ ብሎ ከግንዱ ጀርባ ይደበቃል፣ ተንኮለኛ! ማለዳ ጉሙ ቡናው ላይ ተኝቶ ሳለ ደግሞ ደረቁን እንጨት በምንቃሩ ይደልቀዋል። አሞጽ በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሆኖ ያንን ሲሰማ ጫካው በሩን የሚያንኳኳለት ይመስለው ነበር። ደስ ይለዋል።

ዘንድሮ ድምፁ ጠፋ። የአሞጽ ሆድ ባባ። ሰሞኑን ሚዛን ገበያ ውስጥ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ መጥቶ ሊገጨው ሲል ለጥቂት ነው የተረፈው፤ እሱ ግን ምንም አልሰማም። ወፉ ነው የሄደው ወይስ ጆሮዬ? ብሎ ለመጠየቅ ፈራ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ጨክኖ ሰሎሜን ጠየቃት።

«ወፉ ሄዷል። አንተ ምንም አልሆንክም» አለችው።

እፎይ አለ። ከመቼ ወዲህ እንዲህ ጮክ ብላ እንደምታወራ ልብ አላለም።

ታዲያ ዋንዛው ከእንግዲህ ለማን ይቁም? መጥረቢያውን ይዞ በጉሙ ውስጥ ወረደ። ከግንዱ ሥር ሲደርስ ግን አዲስ የእንጨት ፍቅፋቂ አየ። ቀና አለ። ወፉ እዚያው ነው። ከፍጥነቱ የተነሳ ጭንቅላቱ ለዓይን እስኪጠፋ ድረስ ይደልቃል፤ ድምፅ ግን የለም። ጭጭ።

መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። መዳፉን ግንዱ ላይ አሳረፈ። ወፉ ወደ ጀርባ ዞሮ መደለቁን ቀጠለ፤ ያም ምት በእንጨቱ ወርዶ መዳፉ ውስጥ ገባ።

ሰሎሜ «ተው፣ አትቁረጠው!» እያለች ከኋላው ስትሮጥ ቆይታ ነበር። መምጣቷን ያወቀው ትከሻውን ስትይዘው ነው።

«ጆሮዬ ነው፣ አይደል?» አላት።

እያለቀሰች ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እጇን ወስዶ ግንዱ ላይ ከእጁ ጎን አስቀመጠው።

«እስኪ ንገሪኝ» አላት፣ «አንቺ ስትሰሚው እንዴት ነው?»