ለገረዷ የማትነሳ እመቤት

እመቤቷን ሆኜ እንድጫወት መመረጤ የተነገረኝ ቀን ባቡሩ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህ ካልጋሪ፣ ሙዚየም በሆነ አንድ አሮጌ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። የቤቱ እመቤት ከመቶ ዓመት በፊት ከለንደን የመጣች የከበርቴ ልጅ ናት፤ በቀን አራት ጊዜ ልብስ ትቀይራለች፣ ያለ ጓንት ደጅ አትወጣም። እኔ ሀበሻዋ ደግሞ ለጎብኝዎች እሷን ልሆን ነው! ስንት ፈረንጅ ተወዳድሮ!

ችግሩ ገረዷ ነበረች። ገረድ ሆና የምትጫወተው ሰባ ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት ካናዳዊት ናት። በልምምድ ጊዜ ትሪ ይዛ በገባች ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዴማ "ኖር!" ብያት አረፍኩት። አለቃችን መረራት። "በመክፈቻው ቀን ከተነሳሽ ወደ ትኬትሽ ትመለሻለሽ" አለችኝ።

ለእማዬ ደወልኩላት። "እማዬ፣ ከተነሳሁ ሮሉን አጣለሁ፤ ኦልሬዲ ዋርኒንግ ተሰጥቶኛል።"

"እንዴ! ትልቅ ሰው ቆሞ?" አለችኝ።

በመክፈቻው ቀን ቴምፕል ከሚባለው ሰፈሯ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከቀሚሴ ስር ያጠበቁልኝ ኮርሴት ወገቤን ሰቅዞ ይዞኛል፤ ልቤ ግን ይጨፍራል። በሩ ተከፈተና ሴትዮዋ ትሪውን ይዛ እያነከሰች ገባች። የወንበሩን እጀታ ጨምድጄ ያዝኩ። እግሬ ግን መች ይታዘዘኛል! ከመቀመጫዬ ከፍ ማለት ስጀምር አለቃዬ ከጥግ አፈጠጠችብኝ።

እማዬ ቀደመችኝ። ብድግ ብላ "እትዬ፣ በሞቴ ይቀመጡ" አለቻትና ትሪውን ተቀብላ በራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሰዉ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ሳቀ። እማዬ ትሪውን እፊቴ አኖረች፤ እጇን አጣምራም ቆመች። አሁንስ ጉድ ፈላ! ልነሳ ስል በዓይኗ ቁጭ በይ አለችኝ።

"ሌላ የሚያዙኝ ነገር አለ፣ እመቤቴ?" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እናቴ ቆማ እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም። አፈርኩ፤ ኮራሁባትም። ጓንት ያጠለቀውን እጄን አንስቼ "ምንም የለም። መሄድ ትችያለሽ" አልኳት።

ጎንበስ ብላ እጅ ነስታኝ ወጣች። ሳሎኑ በጭብጨባ ሲናጥ እኔ እንባዬ እየወረደ እዚያው ተቀምጬ ነበር።